መጋቤ ኮዳ

የካቲት 12፣ እሑድ። ዘወረደ።

ነገ ሁዳዴ ይያዛል። ከመያዙ በፊት ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልነገርሁትን እዚህ ልጻፈው።

ይሄይስ በጾም፣ ጠበል ብቻ ጠጥቶ፣ ከቡሬ ባሕር ዳር ብስክሌት ነድቶ አሸነፈ ይባላል። አገሩ ሁሉ ያወራዋል። ውሸት ነው። እንቁላል በልቼ ነው።

ያኔ ውድድሩ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ቡሬ ያድርና በማግስቱ ባሕር ዳር ይገባ ነበር። ገላነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ገና እጮኛዬ ነበረች። በሶ ቋጥራ ሰጥታኛለች። ቡሬ ስደርስ ጉልበቴ ጨርቅ ሆኖ ነበር፤ በሶውን ሳየው አስጠላኝ። ገበያ ወጥቼ እንቁላል ገዛሁ። የሸጠችልኝ ባላገር፣ «በጾሙ ለማን ነው?» ብትለኝ «ላስታቅፈው ነው» አልኋት። «ሁሉንም ይፈልፍልልህ» ብላ መረቀችኝ። ከሆቴሉ ሠራተኛ እግሬን ልታጠብ ብዬ በማንቆርቆሪያ ፍል ውሃ ለመንሁና በር ቆልፌ እንቁላሉን እዚያ ውስጥ ከተትሁት። በደንብ አልበሰለም። አስኳሉ አገጬ ላይ ፈሰሰ። ቅርፊቱን ሠራተኛዋ እንዳታገኘው በካልሲ ቋጥሬ ማልያዬ የኋላ ኪስ ውስጥ አኖርሁት፤ መንገድ ላይ እጥለዋለሁ ብዬ። መንገዱ ሁሉ ሰው ነበረ። ሳልጥለው ባሕር ዳር ገባሁ፣ አንደኛ።

ገላነሽ ሮጣ ስታቅፈኝ ከጀርባዬ ኮሽ አለ።

«ምንድን ነው?» አለች።

«መቁጠሪያዬ ነው። ተሰበረ መሰለኝ።»

«በሶውስ ጠቀመህ?»

አፌን ማን እንዳንቀሳቀሰው እንጃ። «እርሱንም አልቀመስሁ። ጠበል ብቻ» አልሁ።

እንባዋ መጣ። በሳምንቱ ከወይራ እንጨት የተሠራ መቁጠሪያ አምጥታ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ። ዛሬም የምጸልየው በእርሱ ነው። ወሬውን ለማኅበሯ ነገረች፤ ማኅበሯ ለደብሩ፣ ደብሩ ለአገሩ። እርሷ ሳታውቅ ሞተች።

ከዚያ ወዲያ በፍስክም እንቁላል አልበላም። ሲጠበስ ከሸተተኝ ያቅለሸልሸኛል። ሰው ይህንንም ከጽድቄ ይቆጥረዋል።

የካቲት 14፣ ማክሰኞ።

ልምምድ ወጣን። የብስክሌት መጠገኛ ሱቄን ዘግቼ በፍኖተ ሰላም የሴቶች ብስክሌት ክለብ መኪና ኋላ ተቀምጬ እሄዳለሁ። ጎማ ለፈነዳባት ጎማ እቀይራለሁ፣ ሰንሰለት ለወለቀባት እመልሳለሁ፣ ዳገት ላይ ለተጠማች ኮዳ አቀብላለሁ። በወጣትነቴ በፊቴ ይመጣ የነበረውን መንገድ አሁን ወደ ኋላ ሲሸሽ ነው የማየው።

ከሴቶቹ አንደበተኛዋ ሜላት ናት፤ የከተማ ልጅ። ዛሬ ማዕርግ ሰጠችኝ።

«ቤተ ክርስቲያን መጋቤ ሐዲስ አላት፣ መጋቤ ምሥጢር አላት። እኛ ደግሞ መጋቤ ኮዳ አለን።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

የካቲት 17፣ ዓርብ።

ውዳሴ ፍሬን ላሠራ ብላ ሱቅ መጣች። የገላነሽ የክርስትና ልጅ ናት፣ የማንኩሳዋ የታንጉት ልጅ። ብስክሌት ያስጀመራት የእኔ ወሬ ነው። ሕፃን ሳለች ገላነሽ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ያን ታሪክ ትነግራት ነበር፤ እኔ ከጓዳ እየሰማሁ ዝም እል ነበር።

ከንፈሯ ደርቋል። ውሃ ልስጥሽ ብላት፣ «ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም ጋሼ» አለችኝ። በሁዳዴ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ከጠበል በቀር አፏ የሚገባ ነገር የለም። ጠበል ጾም አይሽርም። ከጠዋት ጀምራ ቡሬ ድረስ ዳገቱን በባዶ ሆዷ ስትወጣ ውላ ነው።

«እርስዎ አድርገውት የለ» አለች፤ ፍሬኑን እያየች።

ጥፍሬ ውስጥ የገባውን ግሪስ እፍቅ ጀመር።

መጋቢት 17 ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ደርሶ መልስ፣ ሁለት ዙር ውድድር አለ። የውጭ አገር ፕሮፌሽናል ቡድን ሰዎች መጥተው አንዲት ሴት ይመርጣሉ። አንዲት ብቻ። የተመረጠችው ብስክሌት መንዳት እንጀራዋ ይሆናል። ያልተመረጠችው ወደ በቆሎዋ ትመለሳለች። ውዳሴ ከዚህ ሌላ የምታልመው የላትም።

ማታ አሸናፊ ደወለልኝ። አሠልጣኛቸው ነው፤ አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ።

«ጋሽ ይሄይስ፣ ይቺ ልጅ እንክብል አልወስድም፣ ዱቄት አልጠጣም ብላ አስቸገረችኝ። ነዳጅ የሌለው መኪና አይሄድማ። ከጠበል በቀር አልቀምስም አይደል የምትለው?»

«አዎ።»

«ጥሩ። እንግዲያው ጠበሉን እርስዎ ይቅዱ፤ ኮዳዋን እኔ ልሙላው፤ ማቀበሉን ደግሞ እርስዎ። ከእርስዎ እጅ ከሆነ አትመልሰውም።»

ምን አለበት አልሁ።

የካቲት 22፣ ረቡዕ።

ጎሕ ሳይቀድ ከአቦ ጠበል በጀሪካን ቀድቼ ሰጠሁት። ኮዳዋን ሞልቶ መለሰልኝ። ክዳኑ ዙሪያ ነጭ ነገር ቀርቷል። በጣቴ ነክቼ ቀመስሁት፤ እንደ ግራዋ ይመራል።

«ምንድን ነው?»

«ማዕድን ነው ጋሼ። ጨው ይበሉት።»

ጨው እንዲህ አይመርም። እንግዲህ የተማረ ሰው ነው።

ከዘጠኝ በኋላ እንጀራ አቀረብሁ። ሽሮው ራሱ መረረኝ። ትቼው ተነሣሁ።

የካቲት 26፣ እሑድ። ምኩራብ።

ዛሬ ጌታ በቤተ መቅደስ የሚነግዱትን ያስወጣበት፣ ገበታቸውን የገለበጠበት ወንጌል ተነበበ። ጫማዬን ሳይ ቆየሁ።

ከሰዓት በኋላ ሰዓት እየተያዘ የሙከራ ውድድር ነበር። ውዳሴ የቡሬን ዳገት ተስፈንጥራ ነው የወጣችው። ሜላት ሁለት ጊዜ ልትይዛት ሞክራ ተወቻት። አሸናፊ ሰዓቱን እያየ ያፏጫል። ማፏጨቱ አስጠላኝ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ውዳሴ ላቧ ሳይደርቅ መጣችልኝ። ዓይኖቿ ፈጠዋል።

«ጋሼ፣ ጠበሉ መረረኝ።»

«መረረሽ?»

«እናቴ የሚፈውሰው መራራው ነው ትላለች። ልቤ ከበሮ ይመታል፤ ማኅሌት የተቆመ ነው የሚመስለኝ። እጄን ይዩት።»

እጇ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡን እንደ ጸጋ ዘርግታ አሳየችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኋት።

እንዲህ ያልሁት እኔ ነኝ።

የካቲት 29፣ ረቡዕ።

ኮዳዋን በአመድ አጠብሁት። በሎሚ አጠብሁት። ሽታው አለ። አሸናፊ ምንም ሽታ የለውም ይላል። ሜላትም የለውም አለች፤ ግን አላሸተተችውም፣ እኔን ነው ያየችኝ።

መጋቢት 3፣ እሑድ። መጻጉዕ።

ማንኩሳ ሄድሁ። ታንጉት ጠርታኝ ነው። ውዳሴ ከዓርብ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። መደብ ላይ ነጠላ ተከናንባ ተቀምጣለች፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል፣ ጉልበቷ ይዘላል። ጎረቤቶች ከበዋታል።

ታንጉት እጄን ይዛ ሳመችው።

«አያ ይሄይስ፣ በእጅዎ ተፈወሰችልኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ነገር ይዟት ነበር እኮ፤ እኔ አውቀዋለሁ። ሌሊት ትጮህ ነበር፣ ትቃዥ ነበር። አሁን ጠበሉ አገኘው። ሊለቃት ነው የሚያንቀጠቅጣት።»

«ትንሽ ትረፍ። ጠበሉ ይቆይላት» አልሁ።

አንዲት ባልቴት ከጥግ፣ «መንፈሱ ሊወጣ ሲል ማቋረጥማ ምን ይሉታል» አለች። «ቢቋረጥ ሰባት ሆኖ ነው የሚመለሰው። ወንጌሉ አይደል የሚለው?»

ውዳሴ ቀና አለች። ፈገግታዋ ጥርሷ ላይ ደረቅ ብሎ ተጣብቋል። «እየለቀቀኝ ነው ጋሼ» አለች።

ታንጉት እልል አለች። ጎረቤቶቹም እልል አሉ። እልልታውን እንደ ትል ጆሮዬ ውስጥ ሲላወስ ሰማሁት። ወደ ጓሮ ወጥቼ ከበቆሎው አገዳ ክምር ጀርባ አስመለሰኝ፤ ባዶ ሆድ ስለነበርሁ ሐሞት ብቻ። ታንጉት ውሃ ይዛ ተከትላኝ መጣችና፣ «ለእርስዎም ጸሎቱ ከብዶዎት ነው፤ የእርሷን ተሸክመውላት ነው» አለች።

ሠላሳ ስምንት ዓመት በሽተኛ የነበረው መጻጉዕ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደኝ ሰው የለኝም ብሎ አለቀሰ። የእርሱ ዕድል ምን ከፋ። ይቺ የሚያወርዳት ሰው አገኘች፤ እኔን።

መጋቢት 5፣ ማክሰኞ።

ዳገቱ ላይ ለሜላት ኮዳ ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። ከልምምድ በኋላ ግን ወደ መኪናው መጣች።

«መጋቤ ኮዳ፣ ለእኔ የቧንቧውን ያድርጉልኝ እንጂ። የእርስዎ ጠበል ፓወሩ ብዙ ነው፤ እኔ አልችለውም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ምንም። እኔማ እንኳን ሁዳዴን ረቡዕንም አልጾም። እንዲህ ዓይነቱን ቅድስና ግን እፈራለሁ።» ሳቀች። ሳቋ ዓይኗ ጋ አልደረሰም። ቁልቁል ማንኩሳ ወደሚወስደው መንገድ እያየች፣ «ውዳሴ ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል እርስዎን ብቻ ነው የምታምነው፤ ታውቃላችሁ አይደል?» አለች።

ከአንቱታ ወደ እናንተ ዞረች። ማንን ጨምራ እንደሆነ ገብቶኛል።

መጋቢት 6።

ኮዳው ይቅር ልል ሄጄ ነበር፤ አልነገርሁትም። አሸናፊ ቁርስ እየበላ ነበር። አፉ ዳር ቅቤ ነበር። መናገሩን ትቼ ቅቤውን ሳይ ቆየሁ።

መጋቢት 8፣ ዓርብ።

ዛሬ ጠየቅሁት። የክለቡ ዕቃ ቤት በር ላይ ቆሞ ነበር፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ።

«አሸናፊ፣ ያ ነገር ምንድን ነው?»

«የቱ ጋሼ?»

«ነጩ።»

ፎጣውን አወረደ። «የሚያነቃ ነገር ነው። ድካም አይሰማትም። ሁሉም ይወስዳል። አውሮፓ ያሉት ውሃ ጠጥተው ይመስልዎታል?»

«ልጅቷ አትተኛም። እየተንቀጠቀጠች ነው።»

«እስከ ምርጫው ነው። ከዚያ እናቆማለን። ደግሞ ለእርሷ እኮ ነው፤ በጾም ሞታ ብትቀርስ? እኔ ብቻዬን ልወቀስ?»

«ጠበል ውስጥ ነው የጨመርኸው።»

እዚህ ላይ ዝም ይላል ብዬ ነበር። ሳቅ አለ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ልጅ አባቱን ሲሸነግል እንደሚስቀው ነው።

«ጋሼ፣ ስለ ጠበል ባናወራ አይሻልም? ከቡሬ ባሕር ዳር፣ በጾም፣ በውሃ ብቻ? እኔ የተማርሁት የሰው አካል ነው። ሰው አያደርገውም። ያኔ ምን ወስደው እንደነበር አልጠየቅሁዎትም፤ አልጠይቅዎትምም። እርስዎም አይጠይቁኝ። ጠበሉ ሁለታችንንም ሸፍኖናል።»

ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። ሽቶ ይቀባል። ቤት ገብቼ ሸሚዜን አውልቄ ትከሻዬን በሳሙና ታጠብሁ። ሽቶው ግን ሸሚዙ ላይ አልነበረም መሰለኝ፤ አሁንም ይሸተኛል።

ይህን ሰው ተጸየፍሁት ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አንሥቼ ነበር። መጻፍ የምችለው ግን ይህን ብቻ ነው፦ እርሱ ውሸቴን ሲነግረኝ ፊቴ አልተለወጠም። ሠላሳ ዓመት የለመደ ፊት ነው።

መጋቢት 10፣ እሑድ። ደብረ ዘይት።

ከቅዳሴ በኋላ ውዳሴን ዋርካው ሥር አስቀመጥኋት። ክብደቷ ቀንሷል፤ የቀሚሷ አንገት ሰፍቷታል። እነግራታለሁ ብዬ በመቅደሱ ፊት ቃል ገብቼ ነው የወጣሁት።

«ውዴ፣ እኔ አንቺ እንደምታስቢኝ ዓይነት ሰው አይደለሁም።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

ደነገጥሁ። «ምን ታውቂያለሽ?»

«ጻድቅ ሰው ጻድቅ ነኝ አይልም። እትዬ ገላነሽም ትለኝ ነበር፤ 'ስለዚያ ውድድር ስናወራ ፊቱን ያዞራል፣ ውዳሴ ከንቱ አይወድም' ትለኝ ነበር።»

«ውሸት ነው ብልሽስ?»

«እንዲህ እንደሚሉኝ እናቴ ነግራኛለች። ምርጫው ሲቀርብ ፈተና ይበዛል፣ ከምታምኚው ሰው አፍ ሳይቀር ይመጣል ብላኛለች።» እጄን ይዛ መቁጠሪያዬን ሳመችው። «ለዚያ እሑድ አንድ ኮዳ ብቻ ከእጅዎ ልጠጣ። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ይንገሩኝ።»

መዳፏ እንደ ምጣድ ይፋጃል። መቁጠሪያው ላይ ከንፈሯ ያረፈበትን ቦታ ሳየው ቆየሁ። እርሷ የሳመችው የእንቁላል ቅርፊት ነው።

የውሸቴ ነገር እንዲህ ነው፤ እውነቱን ብናገር ትሕትና ተብሎ ይጨመርልኛል። ልወጣበት ብገፋው በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው።

መጋቢት 12፣ ማክሰኞ።

ውዳሴን ነስሯታል። ማንኩሳ ዳገት ላይ፣ ብስክሌት ላይ እያለች። ማልያዋ ሁሉ ደም። አሸናፊ ፀሐይ ነው አለ። እርሷ «ክፉ ደሜ እየወጣ ነው» አለች። ኮዳውን ያቀበልኋት እኔ። የዛሬውንም።

ደሙን ከእጀታው ላይ በጨርቅ ጠረግሁ። ጨርቁን መጣል አቃተኝ። ደግሞም መያዝ።

መጋቢት 15፣ ዓርብ።

የነፍስ አባቴን አባ ወልደ ዮሐንስን ከቤታቸው አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ ጆሯቸውም ይደክማል። ስለዚህ የሠላሳ ዓመት ምሥጢሬን ጮኼ ነው የተናዘዝሁት። ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ሰሙ።

መጀመሪያ እንቁላሉን ነገርኋቸው። ብዙ አልገረማቸውም።

«እግዚአብሔር ያኔውኑ አይቶሃል። ለእርሱ አዲስ ወሬ አይደለም» አሉ።

«ቀኖና ይስጡኝ አባ።»

«ስግደት ብሰጥህ ትሰግዳለህ፤ ጉልበትህ የብስክሌተኛ ነው፣ አይከብድህም። ሌላስ አለ?»

ኮዳውን ነገርኋቸው። ከማን እጅ እንደምትቀበል፣ መንቀጥቀጧን ምን ብላ እንደምትጠራው፣ እኔ እያወቅሁ እንደማቀብል። እስከ ዛሬ «ሳላውቅ» እያልሁ ነበር ለራሴ የምነግረው። ለእርሳቸው ስናገር ግን «እያወቅሁ» ነው የወጣው። ጺማቸውን ያዙ።

«ጠበሉ ምን አደረገ» አሉ፤ ለራሳቸው ነበር።

«ልነግራት ሞክሬ ነበር። አላምን አለችኝ፤ ትሕትና አድርጋ ወሰደችብኝ።»

«በቃልህ አይደለማ መጀመሪያም ያመነችህ። አንተ ላይ ባየችው ነው። አሳምነሃታል፤ ሂድና አስክዳት። ቀኖናህ እርሱ ነው።»

ካህን «አስክድ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። በር ድረስ ሸኙኝ። ሊባርኩኝ መስቀሉን ሲያነሡ እጄን ደበቅሁ፤ ከዚያ ደግሞ አፈርሁና አወጣሁት።

መጋቢት 16፣ ቅዳሜ።

ጠበሉን ቀዳሁ። አሸናፊ ኮዳውን ሞልቶ ሰጠኝ። «ዛሬ ጠንከር አድርጌዋለሁ፣ ነገ ከመነሣቷ በፊት ትጨርሰው» አለ። ኮዳው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል።

ልድፋው ብዬ ተነሣሁ። አልቻልሁም። ጠበል እግር የሚረግጠው መሬት ላይ አይደፋም፤ እናቴ በልጅነቴ ጠብታ ብትወድቅብኝ ጎንብሰህ ሳም ትለኝ ነበር። የቆሸሸም ቢሆን ጠበል ነው። አቦ ያዩኛል። በውሃ ልቀይረው አልሁ፤ ግን እርሱም ሌላ ውሸት ነው። ውሃውን ጠጥታ ብታሸንፍ ያንኑ ተረት መልሳ ለልጇ ትነግራለች። ብትሸነፍም ጠበሉን ያቋረጠባት ነገር አለ ብላ ዕድሜዋን ስትፈልገው ትኖራለች።

የማይደፋ፣ የማይሰጥ ነገር ምን ይደረጋል።

መጋቢት 17፣ እሑድ። ገብር ኄር።

ውዳሴ አልተመረጠችም። የተመረጠችው ሜላት ናት። እጄ አልረጋ ስላለኝ ጽሑፉ ተበላሽቷል፤ ግን ዛሬውኑ ልጨርሰው።

ጠዋት ፍኖተ ሰላም፣ መነሻው ላይ፣ ሰዉ ከግራና ቀኝ ቆሟል። ቅዳሴ ገና አልወጣም። ውዳሴ ብስክሌቷን እየገፋች መጣች። እንደ ልማዷ መቁጠሪያዬን ስማ እጇን ለኮዳው ዘረጋች። አሸናፊ ከዳኞቹና ከውጭ አገር ሰዎቹ ጋር ቆሞ ያየናል።

ክዳኑን ከፍቼ ጠጣሁት። ፊቷ ቆሜ፣ እስኪያልቅ። ምሬቱ ሊመለስ ሲል ከንፈሬን በእጄ ያዝሁ።

«ጋሼ» አለች። «የእኔ እኮ ነው።»

«ዛሬ ለእኔ ይሁን።»

«ለምን? ምን በደልሁ?» ድምፅዋ ተሰበረ። «በዛሬ ቀን?»

አሸናፊ አንድ እርምጃ ወደ እኛ ተራመደና ቆመ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። ምን ብሎ ይናገራል? ጠበል ጠጣብኝ ብሎ? ፊሽካው ተነፋ፤ እንባዋን በጓንቷ ጠርጋ ሄደች፤ ዞራ አላየችኝም።

የክለቡን መኪና ትቼ በባጃጅ ማንኩሳ ወጣሁ። መንገድ ላይ ጀመረኝ። በመጀመሪያ ምላሴ ደረቀ። ከዚያ ልቤ፣ ሰንሰለቱ እንደ ወለቀ ጎማ፣ ምንም ሳይጎትት በባዶው ይሽከረከር ጀመር። ባለባጃጁ፣ «አባባ፣ ጤና ጣቢያ ልውሰድዎት?» አለኝ። ዳገቱ ሥር አውርደኝ አልሁት። ታንጉት ከማንኩሳ ሰዎች ጋር መንገድ ዳር ቆማለች። ስታየኝ ነጠላዋን አስተካክላ ልትሳለም መጣች፤ እጆቼን አየችና ቆመች።

ውዳሴ የመጀመሪያውን ዙር ከፊተኞቹ ጋር አለፈች። ዓይኗ ወደ እኔ አልዞረም። በሁለተኛው ዙር ሳይመጡ ደወል ተሰማ፤ ቅዳሴ ወጣ፤ እሑድ ከዚያ ወዲያ ውሃ ይፈቀዳል። ከቧንቧ የቀዳሁትን ውሃ ይዤ ወደ አስፋልቱ ቀረብሁ። ፊተኞቹ ብቅ አሉ፤ ውዳሴ ከመጨረሻቸው ላይ ተጣብቃለች። ተጠምታለች። ኮዳውን ዘረጋሁላት። እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ውሃው በአፉ እየተረጨ ክንዴን አራሰው። ልትቀማኝ እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ እጄን አየችው።

ፍሬን ያዘች። አንድ እግሯን መሬት ላይ አሳረፈች። ፊተኞቹ ሄዱ።

«ጋሼ፣ እርስዎንም ያዘዎት?»

«ምንም አልያዘኝም። አንቺንም አልያዘሽም። አሸናፊ ኮዳሽ ውስጥ የጨመረው መድኃኒት ነው። ያቀበልሁሽ እኔ ነኝ። እያወቅሁ።»

እጄን አየች። መሪው ላይ ያለውን የራሷን እጅ አየች። ተመልሳ እጄን አየች። አንድ ዓይነት ነበር መንቀጥቀጡ። ታንጉት «ልጄ፣ ኧረ ሂጂ፣ ጥለውሽ ሄዱ» ትላለች። እኔ ሂጂ አላልኋትም።

«ታዲያ ያኔ…» አለች ውዳሴ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። «እርስዎ ያኔ በጾም ያሸነፉት… እርሱስ ምን ነበር?»

ገና ከቅዳሴ የመጡ ነጭ የለበሱ ሰዎችም ደርሰው ቆመዋል።

«እንቁላል» አልኋት። «ቡሬ ላይ፣ በእግር መታጠቢያ ውሃ ቀቅዬ በላሁት። ገላነሽ ስታቅፈኝ ኮሽ ያለው መቁጠሪያ አልነበረም። ቅርፊቱ ነበር።» ታንጉት አልሰማች እንደሆነ ብዬ፣ አሁን ጮክ ብዬ ደገምሁት።